ታንከሩ ሙሉ ከሆነ

ልጆቹ የትምህርት ቤቱን የውሃ ታንከር ባዶ ያደረጉት፣ እኔ ዳይሬክተሩ ቢሮ ቁጭ ብዬ የማስተማሪያ ዘዴዬን ጥሩነት ሳስረዳ ነው። መሳቅ ካማራችሁ ሳቁ። እኔም ዛሬ እስቃለሁ፤ ያን ቀን ግን ጉዴ ፈልቶ ነበር።

አራተኛ ክፍል ሒሳብ ነው የማስተምረው። ልጆቹ የማባዛት ሰንጠረዡን ያንበለብሉታል። «ስድስት ጊዜ ሰባት?» ስላቸው ጣሪያው እስኪነሳ ይጮሃሉ። «ስድስት ስድስት ወንበር በሰባት ረድፍ ብንደረድር ለወላጆቻችሁ ይበቃል?» ስላቸው ግን ጭጭ ይላሉ። ከዚያ አንዱ ከኋላ ቀስ ብሎ «ቲቸር፣ ይባዛል ነው ይደመራል?» ይለኛል። ደሜ የሚፈላው ያኔ ነው። ቁጣ እንደሁ አይቸግረኝም፣ ባሌም ይመሰክራል። አንድ ቀን መጽሐፉን ዘጋሁና ችግሩን ከግቢያችን ማምጣት ጀመርኩ። ሰሌዳውን መሃል ለመሃል በመስመር ከፈልኩት፤ በግራ «የምናውቀው»፣ በቀኝ «የማናውቀው»። ቀኙ ሳይሞላ ማንም እርሳስ እንዳያነሳ ብዬ ደነገግኩ። የጎደለውን ነገር ያገኘ ልጅ፣ መልሱን ካገኘው ይልቅ ይጨበጨብለታል።

የዚያ ሳምንት ችግራችን «ውሃ ቢጠፋ ታንከሩ ስንት ቀን ያቆየናል?» የሚል ነበር። ታንከሩ ከመጸዳጃ ቤቱ አጠገብ በሲሚንቶ መደብ ላይ የቆመ ትልቅ የብረት ታንከር ነው፤ ጎኑ ላይ የነበረው ጽሑፍ ዝጎ ጠፍቷል። ስለዚህ በቀኝ በኩል «ስንት ሊትር ይይዛል?» ብለን ጻፍን። «በሉ እንዴት እንደምናውቀው አስቡ» ብያቸው ወደ ቢሮ ተጠራሁ።

አሰቡ። ጥይት የምንለው ልጅ አለ፤ ጥያቄው ሳያልቅ መልሱ ከአፉ የሚያመልጥ። «በባልዲ እየቀዳን እንቁጠረው!» አለ። ክፍሉ በሙሉ ተነስቶ ቧንቧውን ከፈተ። እየቆጠሩ ቀዱ፣ እየቀዱ አበባው ላይ ደፉ፣ አበባው ሲጠግብ ሜዳው ላይ ደፉ። እኔ ስመለስ ግቢው ጭቃ ሆኗል፤ ጥይት ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ርሶ ወደ እኔ እየሮጠ «ቲቸር፣ አወቅነው! ሁለት ሺህ ሊትር!» ይላል።

እውነት ለመናገር መልሱ ልክ ነበር። ከሰዓት በኋላ ግን የቧንቧው ውሃ ጠፋ፤ ለቀናትም ሳይመጣ ቀረ። የመጸዳጃ ቤቱን ነገር ተዉት፣ አላነሳውም።

ባልዲ ያልነካች አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች። «ቆይ፣ ውሃው ዛሬ ቢጠፋስ?» ብላ ነበር አሉ፤ በዚያ ጫጫታ ማን ይስማት። እሷን ልጆቹ ቆይ-ቆይ ይሏታል። ደቃቃ ናት፤ ስታስብ የሹራቧን እጅጌ ታኝካለች። ፈተና ጨርሳ አታውቅም። እያንዳንዱ ጥያቄ ፊት ቆማ «ቆይ» ትላለች፤ ደወሉ ይደወላል፤ ወረቀቱ ባዶውን ይሰበሰባል። ውጤቷን ያየ ሰው ቁጥር የማትለይ ነው የሚመስለው።

«ዘዴሽን ከነባልዲው ውሰጂልኝ!» አለኝ ዳይሬክተሩ፤ ድምፁ መንገድ ድረስ ይሰማል። ወዲያው ሱፐርቫይዘሩን አስጠራ። ይህን ሰውዬ እኛ መምህራን ቀይ እስክሪብቶ እንለዋለን። ሳቅ አያውቅም። ሥራው ከክፍሌ የተወሰኑ ልጆችን በቃል መፈተን ነው። ጥይት የዚያ ጉድ መሪ ስለነበረ ተመረጠ፤ ቆይ-ቆይ ውጤቷ ከሁሉ የወረደ ስለሆነ ተመረጠች። በቃል ፈተናውም ከወደቀች ወደ ድጋፍ ክፍል ትዛወራለች።

ድጋፍ ክፍል ስሙ ነው የሚያምረው። ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ጀርባ ያለች ጨለማ ክፍል ናት፤ ግማሿ በተሰበረ ወንበር የተሞላ። እዚያ የገቡ ልጆች ቀኑን ሙሉ ቁጥር እየገለበጡ ይጽፋሉ። ገብቶ የተመለሰ ልጅ አላየሁም።

የቆይ-ቆይ እናት ልብስ ሰፊ ናት። ወሬውን በሰማች ማግስት ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች፣ ስፒሎቹም ከደረቷ ሳይነቀሉ እየሮጠች መጣች።

«ቲቸር፣ እውነቱን ንገሪኝ። ልጄ ደደብ ናት?»

«ማነው እንዲህ ያለሽ?»

«ማንም አላለኝም፣ እኔው ነኝ የምጠይቅሽ። ሱሪ ልቆርጥ ስል አጠገቤ ቁጭ ብላ ‹ቆይ እማ፣ ሰውዬው ወደፊት ይወፍራል ወይስ ይከሳል?› ትለኛለች። እኔ ምን አውቅልሻለሁ! መቀሴን ይዤ እቀራለሁ።» ሳቅ ብላ ወዲያው ፊቷ ጠቆረ። «እዚያ ክፍል ከገባች አለቀላት። የጎረቤቴ ልጅ እዚያው ገብቶ ትምህርቱን ጠልቶ ቀረ። እኔ ከሷ ሌላ የለኝም፣ የኔ እህት። አደራሽን።»

«አይወስዷትም» አልኳት አፌን ሞልቼ። ከየት አምጥቼ እንዳልኩት እንጃ።

እስከ ፈተናው ድረስ አላረፍንም። ለልጆቹ አዲስ ችግር ሰጠኋቸው። «ክዳኑን ሳትከፍቱ፣ አንዲት ጠብታ ሳትቀዱ፣ ታንከሩ ውስጥ ስንት ውሃ እንዳለ ንገሩኝ።» ጥይት በዚህኛው አፉ ተያዘ። ለቀናት ታንከሩን ዞሩት። መጨረሻ ላይ ቆይ-ቆይ በማስመሪያዋ ጎኑን ከላይ ወደ ታች ማንኳኳት ጀመረች። ላይ ላዩን ባዶ ድምፅ ይሰጣል፤ ውሃው ያለበት ላይ ሲደርስ ድምፁ ይታፈናል። እዚያ ላይ በጠመኔ ታሰምራለች። ታንከሩን ቁመቱን አሥር ቦታ ከፈልነው፤ አንዱ መስመር ሁለት መቶ ሊትር መሆኑ ነው። ትምህርት ቤቱ በቀን አምስት መቶ ሊትር ገደማ እንደሚጨርስም አጥንተን ደረስንበት። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ክፍል ሳትገባ በፊት ሄዳ ማንኳኳት ልማዷ ሆነ። እኔ ግን በልቤ «ይሄ ሁሉ ለፈተናው ምን ይረባታል?» እል ነበር። ቀይ እስክሪብቶ ታንከር አንኳኪ ብሎ አይጠይቅማ።

ቀኑ ደረሰ። ሱፐርቫይዘሩ ጠረጴዛዬን ወደ መስኮቱ አዙሮ ተቀመጠ፤ ተፈታኙ ከፊቱ ይቆማል፣ ልጆቹ ይመለከታሉ። ዳይሬክተሩ በር ላይ እጁን አጣምሮ ቆሟል። እኔን ከሱ ኋላ ግድግዳው ጋ አቆሙኝ።

«መምህርት» አለኝ ሱፐርቫይዘሩ ቀና ሳይል፣ «በአፍም ይሁን በእጅ ወይም በዓይን ምልክት ብታሳዪ የልጁ ውጤት ይሰረዛል። ተግባባን?»

«ተግባባን።»

ጥይት ቀረበ። «በአንድ ሳጥን ሃያ አራት ብርጭቆ ቢኖር፣ በስምንት ሳጥን...»

«መቶ ዘጠና ሁለት!»

«ልጨርስ እንጂ!» አለው ሱፐርቫይዘሩ፤ ግን ምልክቱን አደረገለት። ጥይት እየተጀነነ ተመለሰ። ሌሎቹም ገሚሱ አለፈ፣ ገሚሱ ተንገዳገደ። በመጨረሻ ስሟ ተጠራ።

ቆይ-ቆይ እጅጌዋን እያኘከች ቀረበች። ሱፐርቫይዘሩ ወረቀቱን ከፍ አድርጎ አነበበ። «አንድ ታንከር ስድስት መቶ ሊትር ውሃ ይይዛል። ተማሪዎች በየቀኑ አርባ ሊትር ይቀዱበታል። ውሃው በስንት ቀን ያልቃል?»

እሰይ! ታንከር! የራሳችን ጉዳይ! ልቤ በደስታ ልትወጣ ደረሰች። ጣቶቿ ጎኗ ላይ ሲንቀሳቀሱ አየሁ፤ አካፈለችው። አሥራ አምስት ከንፈሯ ላይ ደርሶ ነበር፣ እምላለሁ። ከዚያ ከንፈሯን ገጠመች።

«ቆይ» አለች።

ወይኔ ልጄ፣ ዛሬ እንኳ ባትይው ምናለበት!

«ሙሉ ነው?» አለችው።

«ምኑ?»

«ታንከሩ። ስድስት መቶ ይይዛል አሉ እንጂ ስድስት መቶ አለው አላሉም።»

ሱፐርቫይዘሩ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ አያት። «እዚህ የምጠይቀው እኔ ነኝ። አንቺ መልሺ።»

«እንግዲያው አላውቅም።»

ዳይሬክተሩ በሩ ላይ «ይኸው!» ብሎ አጉተመተመ። ሱፐርቫይዘሩ የእስክሪብቶውን ክዳን ነቀለ። ቀዩ ጫፍ ወደ ወረቀቱ ሲወርድ ከኋላ ሆኜ ይታየኛል። «ለመጨረሻ ጊዜ ነው የምጠይቅሽ» አላት። «በስንት ቀን?»

ያኔ በትከሻው ላይ አሻግራ አየችኝ።

እኔ እንግዲህ ዓመቱን ሙሉ «የማታውቁትን አናውቅም በሉ» እያልኩ ስጮህባቸው የኖርኩ ሰው ነኝ። ያቺ ጨለማ ክፍል መጣችብኝ፤ የእናቷ ስፒሎች መጡብኝ። ሐሞቴ ፈሰሰ። ራሴን ነቀነቅኩላት። በይው፣ አሥራ አምስት በይውና ይለፍልሽ፣ ማለቴ ነበር።

ገብቷታል። ቅንድቧ ተሰበሰበ። ከዚያ እንደማታውቀኝ ሰው ፊቷን አዞረችብኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ጥፊ ቀምሼ አላውቅም።

«ሙሉ ከሆነ አሥራ አምስት ቀን» አለችው። «ግማሽ ከሆነ ሰባት ቀን ተኩል። እንደኛው የዚያን ቀን ባዶ ከሆነ ደግሞ ዛሬም የለም።»

ልጆቹ ሳቁ። ሱፐርቫይዘሩ አልሳቀም። «የመልሱ ሳጥን አንድ ነው። ከሦስቱ የቱን ልጻፍ?»

«ታንከሩ የት ነው ያለው? ሄደን እንየው።»

«የወረቀት ታንከር ነው እኮ። የትም የለም።»

«ከሌለ እንዴት ያልቃል?»

ዳይሬክተሩ አላስችል አለው። «ጌታዬ፣ ጊዜዎን አይግደሉ። ይቺ ልጅ ሁሌም እንዲህ ናት። የኛም ታንከር ቢሆን ሙሉ ነው፤ ሰኞ ፓምፑን ያስከፈትኩት እኔ ነኝ፣ እስከ አፉ ሞልቷል። የቀረ ጥያቄ የለም።»

«የኛ ሙሉ አይደለም» አለች ቆይ-ቆይ።

«ምን?»

«ጠዋት አንኳኳሁት።»

የዳይሬክተሩ ፊት በርበሬ መሰለ። «ማን አባሽ ነው አንኳኪ ያለሽ!»

ሱፐርቫይዘሩ እጁን አነሳ። እስክሪብቶውን ከደነ፣ ወረቀቱን አጠፈ፣ ቆመ። «እናንኳኳዋ» አለ። በመጀመሪያ የቀለደ መስሎኝ ነበር። «ታንከሩ ሙሉ ከሆነ ልጅቷ ዛሬውኑ ድጋፍ ክፍል ትገባለች፣ ይሄም ሁለት ጎን ሰሌዳ ይጠፋል። መምህርት፣ ይስማማሻል?»

ራሴን ለመነቅነቅም ፈራሁ። እሱ ግን መልሴን ሳይጠብቅ ወጣ።

ክፍሉ በሙሉ ተግተልትሎ ተከተለን። ታንከሩ ጋ ስንደርስ ጥይት ወንበር ተሸክሞ መጣ። ቆይ-ቆይ ወንበሩ ላይ ወጣችና በማስመሪያዋ ከላይኛው መስመር ጀመረች። ዷ። ባዶ ድምፅ። ዝቅ አለች። ዷ። አሁንም ባዶ። ልጆቼ ትንፋሽ እንኳ አያወጡም፤ እነዚያ ልጆች፣ ዝም በሉ ስላቸው የማይሰሙኝ። ወንበሩን ለቀቀች። ግማሹን አለፈች። ዷ። ዳይሬክተሩ አንገቱን አሰገገ። ተንበርክካ ወረደች፣ አንኳኳች፣ ጆሮዋን ብረቱ ላይ ለጥፋ ቆየች። ቢበላሽስ? ብረቱ የዛገበት ቦታ ድምፁን ቢለውጠውስ? ጠዋት የሰማችው ስህተት ቢሆንስ?

ድብ።

መልሳ ከላዩ አንኳኳች፤ ዷ። ከታቹ፤ ድብ። እንደዚያ እያለች አጠበበችውና ከታች ሲቆጠር በሦስተኛውና በአራተኛው መስመር መሃል በጠመኔ አሰመረች።

«ሰባት መቶ አካባቢ ነው» አለች ጉልበቷን እያራገፈች። «ዛሬ አምስት መቶ ይሄዳል። ነገ ምሳ ሳይደርስ ያልቃል። ያውም ዛሬ አበባውን ማንም ካላጠጣ።»

«በድምፅ ነው እንዴ ውሃ የሚለካው!» አለ ዳይሬክተሩ፤ ግን ድምፁ እንደቅድሙ አይደለም።

ሱፐርቫይዘሩ ኮቱን አወለቀና ለእኔ ሰጠኝ። ከዚያ የአትክልት ዱላ አንስቶ መሰላሉን ወጣ፤ ያን ሁሉ ክብደቱን ይዞ። መሰላሉ ሲጢጥ ይላል። ክዳኑን ከፈተ፣ ዱላውን አስገባ፣ ታቹን እስኪነካ ሰደደው። ኮቱን ደረቴ ላይ ጨምድጄ ይዤዋለሁ። ወረደ። ዱላውን ከታንከሩ ጎን፣ ታቹን ከታቹ አጋጥሞ አቆመው። የረጠበው ቦታ ከጠመኔው መስመር በአንዲት ጣት ወርድ ቢበልጥ ነው።

«በጣት ተሳስተሻል» አላት።

«ቆይ፣ ዱላው ዘንበል ብሎ ከሆነስ?» አለች።

ዳይሬክተሩ ጥበቃውን ጠርቶ ጮኸበት። ጥበቃው ሰኞ ለታ መብራት ጠፍቶ ፓምፑ መሃል ላይ ቆሞ እንደነበር ተናገረ፤ መብራቱ ሲመለስ ማንም መልሶ አላስነሳውም። ሞልቷል የተባለው ይሞላል ተብሎ ነው። ዳይሬክተሩ ስልኩን አውጥቶ የውሃ መኪና ሊጠራ ወደ ቢሮው ሄደ።

ሱፐርቫይዘሩ ጥይት ያመጣው ወንበር ላይ ተቀምጦ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። ሳጥኑ ውስጥ 15 ብሎ ጻፈ። እፎይ ልል ስል፦

«ቆይ!» አለችው። «‹ሙሉ ከሆነ› የሚለውን አልጻፉትም።»

ምላሴን ነከስኩ። ሰውዬው ወደ ወረቀቱ ተመለሰ። ሳጥኑ ጠባብ ነው፤ ከሳጥኑ ውጭ፣ ጠርዙ ላይ፣ በዚያ በቀዩ እስክሪብቶ «ሙሉ ከሆነ» ብሎ ጨመረበት። ከዚያ የትክክል ምልክቱን አደረገ። ልጆቹ ግቢውን በጭብጨባ አናወጡት፤ ጥይት ወገቧን ይዞ ሊያነሳት ሲታገል ሁለቱም ወደቁ።

ኮቱን ሳለብሰው ነው ወደ እኔ ጠጋ ያለው።

«ራስሽን ነቅንቀሻል» አለኝ፣ ቀስ ብሎ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

«መስኮቱ ፊት ለፊቴ ነው፤ መስታወቱ ውስጥ አይሻለሁ። ያኔ አሥራ አምስት ብላ ቢሆን ኖሮ ውጤቷን ሰርዤ ዛሬውኑ አዛውራት ነበር። ቃሌ ነው፣ አላጥፍም።» የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ። «ያተረፋት አንቺን አለመስማቷ ነው።»

ይህን ብሎኝ ሄደ። እዚያው ታንከሩን ተደግፌ ቆምኩ። በአንድ ራስ መነቅነቅ ያቺን ልጅ በገዛ እጄ እዚያ ጨለማ ውስጥ ልከታት ነበር።

ስንለቀቅ እናቷ በሩ ላይ ቆማለች፤ ሥራ ፈትታ ከጠዋት ጀምራ እዚያው ነበረች አሉ። ልጇን ሳይሆን የእኔን ፊት ነው መጀመሪያ ያየችው። «አለፈች» አልኳት። ሴትዮዋ እዚያው ቁጭ አለች። ቆይ-ቆይ እናቷን በአንድ እጇ አቅፋ፣ ወደ እኔ ቀና አለች።

«ቲቸር፣ ለምን ነቀነቁ?»

ልዋሽ እችል ነበር። አንገቴን ዝንብ ነክሶኝ ነው ማለት ይቻላል። «ፈርቼ ነው» አልኳት።

«ምን ፈርተው?»

«እንዳይወስዱሽ።»

እጅጌዋን ከአፏ አወጣች። እንደልማዷ ረጅም ጊዜ አሰበችበት፤ እናቷም እኔም ጠበቅናት።

«ግን እኮ ቲቸር» አለች፣ «ሙሉ ይሁን አይሁን አይታወቅም ነበር።»

«አዎ፣ አይታወቅም ነበር» አልኳት፣ እናቷ ፊት፣ መንገደኛው ሁሉ እያየኝ፣ እያለቀስኩ።